አሮጌው ሆንዳ ሲጂ 125፦ ቀስቱ 80 ሲል በእርግጥ ስንት እየሄደ ነው?

አሮጌ ሆንዳ ሲጂ 125 የሚሸጥ ሰው ከአፉ ቀድሞ የሚወጣው ፍጥነቱ ነው፤ «ልቀቀው እንጂ 110 ይገባል!» ሻጩ ላይዋሽ ይችላል፤ ቀስቱ 110 ላይ ሲደርስ በዓይኑ አይቶ ይሆናል። የሚያጠራጥረው ቀስቱ ነው። ፍርዳችንን አስቀድመን እናስቀምጠው፦ ሞተርሳይክሉ ዛሬም ገንዘብ የሚወጣበት ዕቃ ነው፤ ኮንታ ኪሎሜትሩ (የፍጥነት ሰዓቱ) ግን ሳይለካ የሚታመን አይደለም። ለመለካት ደግሞ አንድ ስልክ፣ አንድ ጠመኔና የግማሽ ቀን ትዕግሥት ይበቃል።

ሲጂ 125 በ1976 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ገበያ ላይ ሲወጣ የታሰበለት ባለቤት ዘይት መቀየር የሚረሳ፣ ካቴና ቀብቶ የማያውቅ፣ ከአቅም በላይ የሚጭን ሰው ነበር። የዘመኑ ወንድሙ ሲቢ 125 ካምሻፍቱ (ቫልቮላዎቹን የሚያስከፍተው ዘንግ) ከቴስታው፣ ማለትም ከሞተሩ ራስ ላይ ሲሆን፣ ሲጂ ግን ካምሻፍቱን ወደ ታች አውርዶ ቫልቮላዎቹን በረጃጅም ዘንጎች ይገፋል። ካቴናውም ሙሉ በሙሉ በቆርቆሮ ሽፋን ውስጥ ስለተዘጋ አቧራና ጭቃ አይነካውም። የፒስቶኑ ስፋት 56.5 ሚሊ ሜትር፣ ምቱ 49.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይዘቱ 124 ሲሲ። ቻይናዎች ንድፉን ገልብጠው በመቶ ስም ስለሸጡት ዛሬ በየከተማው የምናያቸው ብዙዎቹ 125 እና 150 ሲሲ ሞተርሳይክሎች የዚህ ሞተር ልጆች ናቸው። ስለዚህ መለዋወጫ አይቸግርም፤ ከዚህ በታች የተጻፈውም ባብዛኛው ለእነሱም ይሠራል።

በእርግጥ ስንት ይሄዳል? ፋሻው (የፒስቶኑ ቀለበት) እና ቫልቮላው ጤነኛ የሆነ ሲጂ 125 አንድ ሰው ጭኖ ሜዳ ላይ በእውነተኛ ልኬት ከ85 እስከ 95 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይገባል። ተመችቶት ቀኑን ሙሉ የሚውልበት ፍጥነት ግን ከ60 እስከ 70 ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን እጀታውና የእግር ማሳረፊያው መንቀጥቀጥ ይጀምራሉ፣ ነዳጅ ፍጆታውም ይጨምራል። በ60 ዙሪያ ለሚነዳው በሊትር ከ40 እስከ 50 ኪሎ ሜትር ይሰጣል፤ ይህ ነው ሲጂን ሲጂ ያደረገው፣ 110ሩ አይደለም።

ቀስቱ ለምን ይዋሻል

በፊተኛው ጎማ ሞዞ (እምብርት) ውስጥ ትንሽ ጥርሳ ጥርስ አለች። እሷ ከጎማው ወደ ሰዓቱ የሚወጣውን የካቦ የውስጥ ሽቦ ታዞራለች፤ ሽቦው ደግሞ ሰዓቱ ውስጥ ያለውን ማግኔት ያሽከረክራል። ማግኔቱን የከበበው የአሉሚኒየም ጽዋ ከማግኔቱ ጋር በምንም አልተያያዘም፤ ማግኔቱ ሲሽከረከር በሚፈጥረው ኃይል ብቻ ይሳባል። ጽዋው አብሮ መዞር ሲፈልግ እንደ ጸጉር የቀጠነ ጥምዝ ሞላ ወደ ኋላ ይይዘዋል። ቀስቱ የተሰካው ጽዋው ላይ ነው። እንግዲህ የሚታየው ቁጥር በማግኔቱ ጉተታና በሞላው ተቃውሞ መካከል የተደረገ ስምምነት ነው።

ዕድሜ ሁለቱንም ይነካል፤ የሚነካው ግን በተቃራኒ አቅጣጫ ነው። ሞላው ሲደክም ቀስቱ ከሚገባው በላይ ይወጣል፤ ማግኔቱ ሲደክም ደግሞ ዝቅ ይላል። ከካቦው የወጣ ግራሶ ሽቦውን ይዞ ሰዓቱ ውስጥ ከገባ ማግኔቱንና ጽዋውን ስለሚያጣብቅ ቀስቱ ሽቅብ ይወረወራል፣ አንዳንዴም 100 ላይ ተለጥፎ ይቀራል። «በድንገት ኃይል አገኘ» የተባለለት አሮጌ ሞተርሳይክል ብዙ ጊዜ ያገኘው ግራሶ ነው።

ፋብሪካዎችም ቢሆኑ አውቀው ከፍ ያደርጉታል። የተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ደንብ ቁጥር 39 የሚታየው ፍጥነት ከእውነተኛው በፍጹም እንዳያንስ ይከለክላል፤ እንዲበልጥ ግን ይፈቅዳል፦ ለአዲስ ሞዴል ፈቃድ ሲሰጥ እስከ አሥር በመቶ ሲደመር 4 ኪሎ ሜትር። በእውነተኛ 60 ላይ ሰዓቱ 70 ቢል ያልፋል ማለት ነው። በዚሁ ስሌት 110 የሚያሳይ ሰዓት እውነተኛው ፍጥነት 97 ሆኖ ሳለ ጥፋተኛ አይባልም። የሻጩ 110 እና የእኛ 95 የተቀራረቡት በዚህ ምክንያት ነው።

የቆጣሪው ነገር ሌላ ነው። የተሄደውን ኪሎ ሜትር የሚቆጥሩት ቁጥሮች ከሽቦው ጋር በጥርስ የተያያዙ ናቸው፤ ማግኔትም ሞላም አያውቃቸውም። ሽቦው በዞረ ቁጥር እኩል ይቆጥራሉ። የምርመራው ሁሉ ቁልፍ ይህ ልዩነት ነውና ያዙት።

አለካኩ

መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ትራፊክ የማይበዛበት ይሁን። ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ሰው ከሞጆ ወደ መቂ የሚወስደው ነባሩ መንገድ ሜዳማ ስለሆነ ይመቻል። በቅድሚያ የፊተኛውን ጎማ ነፋስ 25 ፒኤስአይ አድርጉ፤ ነፋሱ ያነሰ ጎማ ተደፍጥጦ ስለሚዞር ቀስቱን ከፍ ያደርጋል።

የመጀመሪያው መንገድ ስልክ ነው። የጂፒኤስ ፍጥነት በተገለጠ ሰማይ ሥር፣ ፍጥነቱ ሳይለዋወጥ ሲቆይ፣ ከአንድ ኪሎ ሜትር በሰዓት ባነሰ ስሕተት ይናገራል። ነዳጅ ሲሰጥና ሲለቀቅ ግን ጥቂት ሰከንድ ወደ ኋላ ይቀራል፤ በፎቆች መካከልና ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ሥርም ይዘላል። ስለዚህ ቀስቱን 40 ላይ አድርሶ ቢያንስ አሥር ሰከንድ ሳያወዛውዙ መያዝ፣ ከዚያ 60፣ ከዚያ 80። የሚያነበው ከኋላ የተቀመጠው ሰው ይሁን፤ ብቻውን የሚነዳ ጉዞውን የሚመዘግብ መተግበሪያ ከፍቶ ስልኩን ኪሱ ውስጥ ይክተትና ቆሞ ያንብበው። ስልክ እጀታ ላይ ማሰር በዚህ ሞተርሳይክል አንመክርም። ባለአንድ ሲሊንደር ሞተር ንዝረቱ ኃይለኛ ነው፤ አፕል ራሱ በ2021 የሞተርሳይክል ንዝረት የአይፎንን ካሜራ ሊጎዳ እንደሚችል አስጠንቅቋል።

ሁለተኛው መንገድ ጂፒኤስ ሳይኖር ድሮም የነበረው ነው፦ የታወቀ አንድ ኪሎ ሜትርና የሰዓት መቁጠሪያ። 3,600ን በወሰደው ሰከንድ ማካፈል ነው። ቀስቱ 60 ላይ ተይዞ ኪሎ ሜትሩ 60 ሰከንድ ከወሰደ ሰዓቱ እውነተኛ ነው፤ 66 ሰከንድ ከወሰደ የሄደው 54.5 ነው። ርቀቱን አታሳጥሩት። በ60 ሲኬድ 200 ሜትር 12 ሰከንድ ብቻ ስለሆነ ጣት በግማሽ ሰከንድ ብትዘገይ ስሕተቱ አራት በመቶ ይሆናል፤ አንድ ኪሎ ሜትር ላይ ያችው ግማሽ ሰከንድ ከአንድ በመቶ አትሞላም።

ነፋስና ተዳፋት እዚህ ልኬት ውስጥ ጉዳይ የላቸውም። ብዙ ሰው ይህን ያምታታል። ቀስቱ የሚለካው የጎማውን መሽከርከር፣ ስልኩም የሚለካው መሬት ላይ የተኬደውን ስለሆነ ነፋሱ ከፊትም ይምጣ ከኋላ ሁለቱ እኩል ይነካሉ። ነፋስ የሚያሳስበው የመጨረሻውን ፍጥነት ለማወቅ ሲፈለግ ነው፤ ያኔ ሄዶ መመለስና ሁለቱን ማማከል ግድ ይሆናል።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ

ሦስቱን ንባቦች ወረቀት ላይ ጻፉና ስሕተቱ እንዴት እንደሚያድግ እዩ። 40 ሲል 36፣ 60 ሲል 54፣ 80 ሲል 72 ከሆነ ስሕተቱ በየቦታው አሥር በመቶ ነው። 40 ሲል 35፣ 60 ሲል 55፣ 80 ሲል 75 ከሆነ ግን በየቦታው 5 ኪሎ ሜትር ነው፤ ይህ ቀስቱ ከነበረበት ቦታ ተንሸራቶ መሰካቱን ያመለክታል፣ ባለሙያ አውጥቶ ቢመልሰው ይድናል። አንዴ 52 አንዴ 63 እያለ የሚዘልል ከሆነ ደግሞ ሰዓቱን ተዉት፣ ካቦውን ተመልከቱ።

በመቶ ለሚሳሳተው ቆጣሪው ይመሰክራል። በጂፒኤስ 10 ኪሎ ሜትር ሂዱና ቆጣሪው ስንት እንደጨመረ አንብቡ። ቆጣሪው ልክ 10 ካለና ቀስቱ ብቻ አሥር በመቶ ከፍ ካለ ጥፋቱ ሰዓቱ ውስጥ ነው፦ ሞላው ደክሟል፣ ወይም ፋብሪካው እንዲያ አድርጎ ሠርቶታል። ቆጣሪውም 11 ካለ ሰዓቱ ንጹሕ ነው፤ የጎማው ልክ፣ የሞዞው ጥርስ ወይም የሰዓቱ ዓይነት አልተስማሙም።

የመጨረሻው በተለይ ተቀያሪ ሰዓት የተገጠመባቸውን ይመለከታል። በጃፓን ደረጃ ሽቦው በደቂቃ 1,400 ጊዜ ሲዞር ቀስቱ 60 ማሳየት አለበት፤ በሌላ አነጋገር በኪሎ ሜትር 1,400 ዙር። መርካቶ ሶማሌ ተራ ከሚሸጡት ቅጂዎች መካከል ፊታቸው ቁርጥ ሲጂ የሚመስል፣ ውስጣቸው ግን ለሌላ ዙር ቁጥር የተሠራ ይገኙባቸዋል። ጠርዙ ከገጠመ ነገሩ ሁሉ የገጠመ ይመስላል። ከመግዛት በፊት በቀላሉ ይለያል፦ የቆየ ካቦ ሰክቶ የውስጥ ሽቦውን በእጅ 140 ጊዜ ማዞር ነው፤ ቆጣሪው አንድ መቶ ሜትር መጨመር አለበት። ዙሩ የታወቀ ትራፓኖ ያለው ሰው ደግሞ በ1,400 አሽከርክሮ ቀስቱ 60 ላይ መቆሙን ያያል። ከእንግሊዝ የመጣ ሞተርሳይክል ከሆነ ፊቱ ላይ ያለው ቁጥር ማይል መሆኑንም ልብ በሉ፤ እዚያ ላይ 50 ማለት 80 ኪሎ ሜትር ነው።

የጎማውን ነገር በጠመኔ ጨርሱት። ጎማውና አስፋልቱ በሚነካኩበት ላይ ምልክት አድርጉ፤ አንድ ሰው ተቀምጦበት ሞተርሳይክሉን ቀጥ አድርጋችሁ አምስት ሙሉ ዙር ግፉና በሜትር ለክታችሁ ለአምስት አካፍሉ። የፋብሪካው 2.50-18 ጎማ በዙር 1.80 ሜትር አካባቢ ይሰጣል። ወደ 2.75 ከፍ ሲል ሁለት በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ ወደ 3.00 ሲሆን አራት። ጎማው በተለቀ ቁጥር ቀስቱ ዝቅ ብሎ ስለሚናገር፣ ከፍ አድርጎ የሚሳሳት ሰዓት ያለው ሰው ሳያውቀው ሊያስተካክለው ይችላል።

ኮሮና (ካቴናው የሚያዞረውን የኋላ ጥርስ) ስለመቀየር የሚወራው ግን እዚህ አይሠራም። ሲጂ ላይ ካቦው የሚነሳው ከፊት ጎማ ስለሆነ ፒኞኑ (የፊተኛው ትንሹ ጥርስ) ባለ 14 ጥርስ ሆነ ባለ 16፣ የኋላው ጎማ ወፈረ ቀጠነ፣ ቀስቱ አያውቀውም። የሚለወጠው በተመሳሳይ ፍጥነት ሞተሩ የሚያሰማው ጩኸት ነው። ፍጥነቱን ከማርሽ ሳጥን በሴንሰር የሚያነቡ አዳዲስ ሞተርሳይክሎች ላይ ግን ኮሮና መቀየር ንባቡን ያዛባል፤ ወሬው ከዚያ ሳይመጣ አልቀረም።

ካቦና ሞዞ

ቀስቱም ቆጣሪውም ከቆሙ ጥፋቱ ከታች ነው፦ ካቦው ተበጥሷል ወይም ሞዞው አያዞርም። ቆጣሪው እየሠራ ቀስቱ ብቻ ከሞተ ከላይ ነው።

ከሁሉ የሚበዛው ብልሽት የሚፈጠረው ጎሚስታ ቤት ነው። በሞዞው ውስጥ ጆሮ ያለው ቀለበት አለ፤ የፊት ጎማ ተፈትቶ ሲመለስ የቀለበቱ ጆሮዎች ከቦታቸው መግባት አለባቸው። ሳይገቡ ፔርኖው (የጎማው ዘንግ) ከጠበቀ ይጨፈለቃሉ። የጥርሱ ቤትም የፎርኬላው (ጎማውን የያዘው ሹካ) ማቆሚያ ላይ ተደግፎ መቀመጥ አለበት፤ አለዚያ ከጎማው ጋር አብሮ ዞሮ ካቦውን ጠምዝዞ ይበጥሰዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ፔርኖውን ሳያጠብቁ ጎማውን በእጅ እያዞሩ የካቦው ማስገቢያ ውስጥ ያለው ጫፍ መዞሩን ማየት። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

የሚንቀጠቀጥ ቀስት አብዛኛውን ጊዜ የደረቀ ወይም የተጣመመ ሽቦ ነው። ሽቦውን ስባችሁ አውጡ፣ በቤንዚን እጠቡ፣ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አንከባሉት። እየዘለለ የሚንከባለል ከሆነ ተጣሟልና ጣሉት፤ አራት ማዕዘን የሆነው ጫፉ ከተሟሸሸም እንዲሁ። ጤነኛውን ስስ ግራሶ ቀቡት፣ ሆኖም ከላይኛው ጫፍ 15 ሴንቲ ሜትር ያህሉን ደረቅ አድርጋችሁ ተዉት፤ ያለበለዚያ ግራሶው ሽቦው ሲዞር ተገፍቶ ሽቅብ ይወጣና ከላይ ያልነውን ጣጣ ያመጣል። ስትመልሱት ካቦው በስለት እንዳይታጠፍ ሰፊ ቅስት ይኑረው። እጀታውን ወደ ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻው አዙራችሁ ካልተወጠረ ደህና ነው።

ሰዓቱን መክፈት ሌላ ነው። ጠርዙ ተጨፍልቆ የተዘጋ ስለሆነ በካቻቢቴ ሲፈለቀቅ ይበላሻል፤ ከዚያ በኋላ ዝናብ ያስገባል፣ መስታወቱም በላብ ይሸፈናል። ሞላውን በፒንሳ ለማጥበቅ የሚሞክሩ አሉ፤ በአንድ ፍጥነት ላይ ያስተካክሉትና በሌላው ያበላሹታል። ስሕተቱ ከአሥር በመቶ ካላለፈና ወደ ላይ ከሆነ አትንኩት። ትንሽ ወረቀት ላይ «60 = 54፣ 80 = 72» ብላችሁ ጽፋችሁ ሰዓቱ ጎን ለጥፉ። ሰዓቱ ፈጽሞ ከሞተና ተስማሚ ከጠፋ ደግሞ የብስክሌት ዲጂታል ቆጣሪ ጥሩ ምትክ ነው፦ ማግኔቱን ራጂው ላይ፣ ማንበቢያውን ፎርኬላው ላይ በጣም አቀራርቦ ማሰርና በጠመኔ የለካችሁትን ዙር በሚሊ ሜትር ማስገባት። ከጠቅላላው ዕቃ ይልቅ ትክክለኛ የሚሆነው እሱ ነው፤ ሌሊት መብራት የሌለው መሆኑ ብቻ ይቆጠርበታል።

ከፍታውና ዕድሜው

አዲስ አበባ 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ስላለች አየሩ ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ የሞተሩም ጉልበት በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሆኖም የሚገፋው አየርም እንዲሁ ስለሳሳ ሜዳ ላይ የመጨረሻው ፍጥነት የሚፈራውን ያህል አይወርድም። ዋጋው የሚከፈለው ዳገት ላይ ነው፦ ወደ እንጦጦ ሁለት ሰው ጭኖ ሲወጣ ሦስተኛና ሁለተኛ ማርሽ ሥራ ይበዛባቸዋል። ለባሕር ወለል የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ነዳጅ ያበዛል። ካንዴላው (የእሳት መጫሪያው) እንደ ከሰል ጥቁር ሆኖ ከወጣና አየር ማጣሪያው ንጹሕ ከሆነ ዋናውን ጂግለር (ነዳጅ የሚያልፍበትን ቀዳዳ) አንድ ቁጥር ማሳነስ ጉልበቱን ይመልሳል።

በልኬት 75 ላይ የሚቆምና ከዚያ የማያልፍ ሲጂ ቢገጥማችሁ ከመፍረዳችሁ በፊት ርካሽ የሆኑትን ተራ በተራ እዩ። ጎማውን አንስታችሁ በእጅ አዙሩት፤ ፍሬኑ እየጨበጠ ከሆነ ሞተሩ ራሱን እየታገለ ነው። የካቴናው ልልነት 20 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሁን፤ ሽፋኑ ስለሚደብቀው ብዙዎች ከገዙበት ቀን ጀምሮ አላዩትም። የቫልቮላ ክፍተት ሞተሩ ቀዝቅዞ 0.08 ሚሊ ሜትር፣ የካንዴላው ከ0.6 እስከ 0.7። እነዚህ ሁሉ ደህና ሆነው አሁንም ካልሄደ፣ ከማርሚታውም (ከጭስ ማውጫው) ሰማያዊ ጭስ ከወጣ፣ ፋሻ ነው፤ ዋጋውን በዚያ ልክ ተደራደሩ።

በቆጣሪው ግን አትደራደሩ። አምስት አኃዝ ያለው ቆጣሪ 99,999 ሲደርስ ከዜሮ ይጀምራል፤ በዚህ ዕድሜ ስንቴ እንደዞረ የሚያውቅ የለም፣ ሰዓቱም የራሱ መሆኑን የሚመሰክር የለም። ከቁጥሩ ይልቅ የእግር ማሳረፊያውን ጎማ፣ የፍሬን ፔዳሉን መበላትና የመርገጫውን ጥርስ ማየት ይሻላል። 18,000 የሚል ቆጣሪና እስከ ብረቱ የተበላ ፔዳል አብረው አይኖሩም።

ፍሬኑ የዚህ ሞተርሳይክል ትልቁ ድካሙ ነው። ከበሮ ፍሬን በእውነተኛ 60 ላይ በጥንቃቄ ከተስተካከለ ይበቃል፤ በ80 ግን ዘግይቶ ይይዛል፣ በረጅም ቁልቁለት ሲሞቅም ይለሰልሳል። በ60 ሲኬድ በየሰከንዱ 17 ሜትር ገደማ ያልፋል፤ እጅ ወደ ፍሬኑ እስኪደርስ ብቻ ያ ርቀት ሄዷል። የፊቱ እጀታ መያዝ ከመጀመሩ በፊት ያለው ልልነት ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር፣ የኋላው ፔዳልም እንዲሁ። የፍሬኑ ሸራ ማለቁን የሚያሳየው ምልክት ከከበሮው ውጭ፣ የፍሬን ክንዱ ሥር ነው፤ ፍሬኑ ተይዞ እዚያ ያለችው ቀስት ከከበሮው ምልክት ጋር ከገጠመች ሸራ መቀየር ነው፣ ክንዱን አንድ ጥርስ አዙሮ ማታለል አይደለም።